የሰርግ ካሴታችሁን አትጣሉ፦ «ዲስክና ካሴት አብቅቶላቸዋል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ፊልም ዲስክና ስለ ቪዲዮ ካሴት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ጎንደር ውስጥ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። ለእኔም ብዙ ሰው ልኮልኛል። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ዲስክና ካሴት አብቅቶላቸዋል፤ ቦታቸውን ስትሪሚንግ፣ ማለትም ፊልምን በኢንተርኔት በቀጥታ ማየት፣ ወስዶታል። ስትሪሚንግ ይረክሳል። አንዴ የገዛኸው ፊልም አይጠፋም። ጥራቱም ይበልጣል። የአገራችንን ፊልም ሠሪዎች ከሌባ ኮፒ ያድናል። ስለዚህ ቁም ሳጥን ውስጥ አቧራ የለበሰውን ካሴትና ዲስክ አውጥታችሁ ጣሉ፤ የምትፈልጉት ካለ ዩቲዩብ ላይ ጫኑትና ተገላገሉ።

ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። ጽሑፋቸው ግን በቅን ልብ እንደተጻፈ ያስታውቃል። እኔ እዚሁ ጎንደር አራዳ አካባቢ ፎቶና ቪዲዮ ቤት እሠራለሁ። ሰርግ እቀርጻለሁ፤ አሮጌ ካሴትም ወደ ፍላሽ እገለብጣለሁ። ጉዳዩ እንጀራዬ መሆኑን አንባቢ ከመጀመሪያው ይወቅልኝ። ብዕር ያስነሳኝ ግን «ጣሉ» የሚለው ቃል ነው። ጽሑፉ መዞር ከጀመረ ወዲህ አንዲት እናት ደውለው «ልጄ፣ የሰርጋችንን ካሴት እንግዲህ ልጣለው ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። ለእሳቸው «ኧረ በፍጹም!» ብያለሁ። ለሌላው ሰው ደግሞ ምክንያቴን ላስረዳ።

«ስትሪሚንግ ዲስክን ተክቶታል»

ጸሐፊው ማስረጃቸውን ያመጡት ከአሜሪካ ነው። ያሉትም ትክክል ነው። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ1998 ዲቪዲ በፖስታ እያከራየ ጀመረ። በ2007 ስትሪሚንግ ጨመረ። በ2023 ደግሞ የፖስታ ኪራዩን ጨርሶ ዘጋ። ብሎክበስተር የሚባለው የቪዲዮ አከራይ በ2004 ወደ 9,000 የሚጠጉ መደብሮች ነበሩት፤ በ2010 ኪሳራ ውስጥ ገባ። የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ (ዴክ) ሲያመርት የቆየው የመጨረሻው ኩባንያ፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ በ2016 ማምረቱን አቆመ። ቤስት ባይ የተባለው ትልቅ የኤሌክትሮኒክስ መደብርም በ2024 ፊልም በዲስክ መሸጥ ተወ። በዚህ ሁሉ አልከራከርም።

የምከራከረው የአሜሪካን ታሪክ እንዳለ አምጥተው ጎንደር ላይ ሲያስቀምጡት ነው። እዚህ ዲስክን ከገበያ ያወጣው ስትሪሚንግ አይደለም። ፍላሽ ነው።

እስቲ እናስታውስ። መጀመሪያ ዴክ ነበር። ዴክ ያለው ቤት ጎረቤት ይሰበሰብበታል። ቪዲዮ ቤቶች ሰዉን አግዳሚ ላይ ደርድረው ፊልም ያሳያሉ፤ ካሴትም ያከራያሉ። ካሴቱን ወደ መጀመሪያው ሳያጠነጥን የመለሰ ሰው ቁጣ ይጠብቀዋል። ከዚያ ቪሲዲ መጣ። አንድ ቪሲዲ ከ80 ደቂቃ ያልበለጠ ነው የሚይዘው። ስለዚህ አንድ ፊልም ሁለት ዲስክ ነበር፤ ልብ በተሰቀለበት ሰዓት ተነስቶ ዲስክ መቀየር ግድ ነው። ቢሆንም ማጫወቻው ረክሶ ስለገባ ብዙ ቤተሰብ የአማርኛ ፊልምና የዘፈን ክሊፕ በራሱ ሳሎን ማየት የጀመረው በቪሲዲ ነው። ዲቪዲ ተከተለ። መደበኛው ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል፤ ጥራቱ ለተጠበቀ አንድ ፊልም የሚበቃ ቦታ ነው። ገበያው ግን ጥራቱን እያወረደ ብዙ ፊልም አንድ ዲስክ ላይ ያጭቅ ጀመር።

ከዚያ ቴሌቪዥኑም ሪሲቨሩም የፍላሽ መሰኪያ ይዞ መጣ። የዲስክ ነገር ያበቃው ያኔ ነው። ሰው ፍላሹንና ሚሞሪውን ይዞ ፊልም የሚጭን ቤት ይሄዳል፤ ተከታታይ ፊልሙን በጅምላ አስጭኖ ይመለሳል። ኔትፍሊክስ ለእኛ አገር የተከፈተው በ2008 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ ነው። በዚያን ጊዜ ዲስክ እዚህ ከተማ ውስጥ ለፍላሽ ቦታውን ለቆ ነበር።

ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ፍላሽ በእጅ የሚያዝ ነገር ነው። ለጎረቤት ይዋሳል። ገጠር ላለ ዘመድ በመንገደኛ ይላካል። ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ «ሂሳብዎ አልቋል» አይልም። ቴሌግራምም ቢሆን እዚህ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ተማሪው ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄዶ ያወርዳል፤ ማራኪም ይሁን አዘዞ ቤቱ ገብቶ ያያል። ዕቃው ተለወጠ እንጂ «ፊልሙ እኔ ዘንድ ይሁን» የሚለው የሰዉ ፍላጎት አልተለወጠም። ጸሐፊው የዲስክ መሸጫዎች ሲዘጉ አይተው ይህ ፍላጎት አብሮ የሞተ መሰላቸው።

«ስትሪሚንግ ይረክሳል»

ለማን? ቤቱ ያልተገደበ የመስመር ኢንተርኔት ላስገባ ሰው ሊረክስ ይችላል። በሞባይል ጥቅል ለሚያይ ሰው ግን ሒሳቡን እንሥራው። ኔትፍሊክስ ራሱ ለሙሉ ኤችዲ፣ ማለትም ጥራቱ ከፍ ላለ ምስል፣ በሰከንድ 5 ሜጋቢት ፍጥነት ይመክራል። በዚህ ፍጥነት የሁለት ሰዓት ፊልም 4.5 ጊጋባይት ይበላል። አንድ ዲቪዲ ሙሉ ማለት ነው። ልዩነቱ፣ ዲቪዲውን ቤተሰቡ አሥር ጊዜ ቢያየው ሌላ ክፍያ የለውም። ስትሪሚንግ በታየ ቁጥር ዳታው እንደ አዲስ ይቆጠራል። ሕፃን ልጅ ያለው ሰው ይህን በደንብ ያውቃል። ልጅ የወደደውን ካርቱን አንድ ቀን አይቶ አይተውም፤ ሳምንቱን ሙሉ ያንኑ ነው የሚለው።

ክፍያውም ሌላ ጣጣ ነው። የውጭዎቹ አገልግሎቶች በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ይፈልጋሉ። በቴሌብር ኔትፍሊክስ ከፈልኩ ያለኝ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ብዙው ሰው የሚያየው ውጭ አገር ባለ ዘመዱ ፓስወርድ ነበር። ኔትፍሊክስ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በአንድ አካውንት ከቤተሰብ ውጭ መጠቀምን እየዘጋ መጥቷል። ይህ በጽሑፉ ውስጥ አንድ ቦታ እንኳ አልተነሳም።

«አንዴ የገዛኸው አይጠፋም»

ጽሑፉ ውስጥ ከሁሉ የባሰው ስህተት ይህ ይመስለኛል። ሁለት መልስ አለኝ። አንዱ የእኛ ነው፣ አንዱ የውጭዎቹ።

የእኛን ላስቀድም። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ለወራትም አልተመለሰም። ያን ጊዜ ጎንደር የነበርን ሰዎች ምን እንደነበረ እናስታውሳለን። ሰው በጊዜ ቤቱ ይገባል። ምሽቱ ረጅም ነው። ያየ ሰው ካለ፣ ቀድሞ ስልኩ ላይ ያወረደ ወይም ፍላሽ ላይ ያስጫነ ነው። ሰፈር ውስጥ አንድ ሃርድ ዲስክ ከቤት ቤት ይዞር ነበር። የተጠራቀመ አሮጌ ዲቪዲ ያለውም አውጥቶ አየ። ዩቲዩብ ላይ ያለው ሁሉ ዩቲዩብ ላይ እንደነበረ ነው፤ እኛ ግን መድረስ አልቻልንም። ጸሐፊው «ሁሌም አለ» ሲሉ ይህን ጊዜ አለማንሳታቸው ገርሞኛል። የጻፉት ለእኛው አንባቢ ነውና።

ጸሐፊው «አውርዶ ማስቀመጥም ይቻላል እኮ» ሊሉ ይችላሉ። ይቻላል። ነገር ግን በእነዚህ አገልግሎቶች ላይ የወረደ ፊልም የጊዜ ገደብ አለው። ቀኑ ሲያልፍ በኢንተርኔት ካልታደሰ አይከፈትም። ወርሃዊ ክፍያው ከተቋረጠም ያወረድከው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ኢንተርኔት ለወራት ሲጠፋ ይህ ምን ይረባል?

አሁን ወደ ውጭዎቹ። በኢንተርኔት ፊልም «ግዛ» የሚለውን ስትጫን የምትገዛው የማየት ፈቃድ ነው፤ ፊልሙ የአንተ አይሆንም። ሻጩ ከፊልሙ ባለቤት ጋር ያለው ውል ሲያልቅ የአንተም ፈቃድ ሊያልቅ ይችላል። ይህ በወሬ የሚነገር ስጋት አይደለም፤ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2022 ሶኒ በፕሌይስቴሽን መደብሩ በኩል በጀርመንና በኦስትሪያ ለደንበኞች የሸጣቸውን ስቱዲዮካናል የተባለ የፊልም ኩባንያ ፊልሞች ከኦገስት 31 ጀምሮ ማየት እንደማይቻል አስታወቀ። ሰዎቹ በገንዘባቸው የገዙት ነበር። በ2023 ዲሴምበር ላይም የዲስከቨሪን ፕሮግራሞች በተመሳሳይ መንገድ ሊያነሳ ነበር፤ ሕዝቡ ሲጮህና አዲስ ስምምነት ሲደረስ ተወው። ዲዝኒ ደግሞ በ2023 ራሱ ያሠራቸውን በርካታ ፊልሞችና ተከታታዮች ከራሱ የስትሪሚንግ አገልግሎት አወረደ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በዲስክ ወጥተው አያውቁም። ካሊፎርኒያ እንዲያውም ዲጂታል ሻጮች «ግዛ» ሲሉ ገዢው የሚያገኘው ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ እንዲናገሩ የሚያስገድድ ሕግ አውጥታለች፤ በ2025 ሥራ ላይ ውሏል። ነገሩ ለሕግ አውጪ የደረሰው ችግር ሆኖ ስለተገኘ ነው።

ከመደርደሪያህ ላይ ዲስክ የሚያነሳ ኩባንያ የለም። ዲስክም ሰንሰለት ነበረበት፤ ይህን አልክድም። ዲቪዲ ዓለምን በክልል ከፋፍሎ ነበር። አሜሪካ ክልል 1፣ እኛ ክልል 5። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ኦሪጅናል ዲቪዲ እዚህ አንዳንዱ ማጫወቻ ላይ አልሠራም ይል ነበር። ግን ያ ቁልፍ በሪሞት ቁጥር በመነካካት ጭምር የሚፈታበት ጊዜ ነበር። ዛሬ ያለው ቁልፍ ሌላ አገር ባለ ኮምፒዩተር ላይ ነው።

«ጥራቱ ይበልጣል»

በዚህ ብዙ አልቆይም። ከካሴትና ከቪሲዲ ጋር ሲወዳደር ልክ ናቸው። ከዲቪዲም ጋር ቢሆን መስመሩ ጥሩ ከሆነ ኤችዲ ስትሪሚንግ ይሻላል። ከዲቪዲ በኋላ ከመጣው ዲስክ፣ ከብሉ ሬይ ጋር ሲሆን ግን ተሳስተዋል። ብሉ ሬይ በአንድ ንጣፍ 25 ጊጋባይት፣ በሁለት 50 ይይዛል። ያው ፊልም በስትሪሚንግ የሚመጣው ከዚያ ጥቂቱን ያህል ሆኖ ነው። ጨለማ ያለበት ትዕይንት ላይ ምስሉ ካሬ ካሬ ሲሆን ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ድምፁም እንደዚያው ተጨምቆ ነው የሚመጣው። ብሉ ሬይ እዚህ በሰፊው አልገባም፤ ስለዚህ ለእኛ ዋናው ጉዳይ አይደለም። መስመሩ ሲደክም ደግሞ ስትሪሚንጉ ራሱ ጥራቱን እየቀነሰ ቪሲዲ ላይ ያደርሰናል።

«ፊልም ሠሪዎቻችንን ያድናል»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ያነሱት ሕመም የእኔም ሕመም ነው። የዲስክ ዘመን ለኢትዮጵያ ፊልም ሠሪ ጨካኝ ነበር። ሰው ቤቱን አስይዞ ፊልም ይሠራል፤ ሲኒማ ቤት ሳይጠግብ ኮፒው አስፋልት ላይ ይዘረጋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። አስፋልት ላይ ያለውን ዲስክ ግን አላስቆመውም። ዛሬ የአማርኛ ፊልም ዩቲዩብ ላይ መውጣቱ ውጭ ካለው ወገን ጥቂት ገንዘብ ያስገባል። ይህ ጥሩ ነገር ነው፤ ይቀጥል።

ነገር ግን ሌብነቱ የት ሄደ? ፍላሽና ቴሌግራም ላይ ሄደ። ዲስክ ስለጠፋ አልቆመም፤ እንዲያውም ባዶ ዲስክ መግዣ እንኳ አያስፈልገውም። ስለዚህ «ዲስክ ከጠፋ ሌብነት ይጠፋል» የሚለው አይሠራም። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ፊልም ማን ያሳያል፣ ማንስ ያቆየዋል የሚለው ያሳስበኛል።

ለዚህ ከጎንደር የወጣ ትልቅ ምሳሌ አለን። ኃይሌ ገሪማ ጎንደር ተወልደው ያደጉ ናቸው። «ሳንኮፋ» የተሰኘው ፊልማቸው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍልላቸው ኩባንያ አላገኙም። እሳቸውና ባለቤታቸው በራሳቸው መንገድ ከከተማ ከተማ እየዞሩ አሳዩት። ዋሺንግተን ውስጥ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ፣ የፊልምና የመጽሐፍ መደብር ከፈቱ። በዚያ መደብር የራሳቸውንም የሌሎች ጥቁር ፊልም ሠሪዎችንም ሥራ በእጅ ለእጅ ሸጡ። እ.ኤ.አ. በ2008 «ጤዛ» የተሰኘው ፊልማቸው በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማት አገኘ፤ በ2009 ደግሞ ዋጋዱጉ በሚካሄደው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል በፌስፓኮ ትልቁን ሽልማት ወሰደ። «ሳንኮፋ» ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ የወጣው በ2021 ነው። ከተሠራ ከ28 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በእነዚያ ዓመታት ፊልሙን ከሰው ጋር ያገናኘው በሲኒማ መታየቱ፣ ካሴትና ዲስክ፣ ደግሞም የአንድ ቤተሰብ ጽናት ነው። ስትሪሚንጉ የመጣው ፊልሙ ስሙን ካስከበረ በኋላ ነው። ሁሉን ነገር ለስትሪሚንግ አሳልፈን ብንሰጥ፣ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ያልፈለጉት ፊልም ያን 28 ዓመት የት ይቆያል? ጸሐፊው ይህን ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

«የቤታችሁን ካሴትና ዲስክ ጣሉ»

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ መጣሁ። የሆሊውድ ፊልም ቢጠፋ ሌላ ቦታ ሌላ ኮፒ አለ። የሰርግህ ካሴት ግን በዓለም ላይ ያለው እሱ ብቻ ነው። ጸሐፊው ሁለቱን አንድ ላይ አድርገው «ጣሉ» ማለታቸው ነው ያሳዘነኝ። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚባለው ለዚህ ነው።

እነዚህ ካሴቶች ውስጥ ያለውን ነገር ላውራ፤ ሥራዬ ሆኖ በየቀኑ አየዋለሁና። ጥር ውስጥ ነው። ዳስ ተጥሏል። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ቆሞ እንግዳውን በየስሙ ያወድሳል። ሽማግሌዎች ተነስተው ይመርቃሉ፤ ምርቃቱ ረጅም ነው፤ ቀራጩ ሳይቆርጥ ይቀርጸዋል። ዛሬ ያን ካሴት የሚያመጣልኝ ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ሙሽሮቹን አይደለም። ጥግ ላይ ጋቢ ደርበው የተቀመጡ አባቱን ነው። «እዚያ ጋ አቁመው» ይለኛል። ፎቷቸው አለው። የሚናገሩበት፣ የሚስቁበት፣ ድምፃቸው የሚሰማበት ግን ያ ካሴት ብቻ ነው። ከኋላም ከተማው አለ። የሙሽራው መኪና በፒያሳ ሲያልፍ የዛሬዎቹ ሕንጻዎች የሉም። በጥምቀት የተቀረጸ ከሆነ የፋሲለደስ መዋኛ በዚያ ዘመን ሕዝብ ተሞልቶ ይታያል።

ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ጥምቀትም በ2019 ተመዝግቧል። እነሱን የሚጠብቅ አለ። ሕዝቡ ራሱን የቀረጸበትን ካሴት የመዘገበ የለም። የሚጠብቀው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ካሴቱ እንደዚሁ ቢቀመጥም ችግር አለው። ይህን ጸሐፊው በከፊል ብለውታል፤ ልክ ናቸው። የቪዲዮ ካሴት ማግኔት የተቀባበት ቀጭን ፕላስቲክ ነው። ሙጫው በእርጥበት ይለቃል፤ ማግኔቱም በጊዜ ብዛት ይደክማል። የጎንደር ክረምት ደግሞ ለሻጋታ አመቺ ነው። ካሴቱን ሲያመጡልኝ መጀመሪያ የማደርገው መስኮቱን ወደ ብርሃን ማዞር ነው። የተጠቀለለው ጥቁር ክር ጠርዝ ላይ እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ነገር ካየሁ ሻጋታ ነው፤ ዴክ ውስጥ አልከተውም። ብከተው ክሩን ሊበጥሰው ይችላል፤ ዴኩን በክሎ ቀጥሎ የሚገባውንም ካሴት ያበላሻል። ብሎኑን ፈትቼ፣ ክሩን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ በቀስታ እያሳለፍኩ ነው የማጸዳው። ከዚያ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው፣ አንድ ጊዜ ወደ መጀመሪያው ማጠንጠን። ከዚያ በኋላ ነው የሚታየው።

ካሴቱ ጀርባ በኩል አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ አለች። እሷ ከተሰበረች በላዩ ላይ ሌላ መቅዳት አይቻልም። ያልተሰበረችበት ካሴት ያሳዝነኛል። ሙሽሪት ከእናቷ ቤት ልትወጣ ስትል ድንገት ምስሉ ይቋረጥና የእግር ኳስ ጨዋታ ይመጣል። ልጆች ቀድተውበት ነው። ካሴት ያላችሁ ሰዎች ዛሬውኑ ያቺን ጥርስ ስበሯት።

ከውጭ የመጣ ካሴትም ብዙ ነው። ጎንደር እስራኤልም አሜሪካም ዘመድ ያለው ብዙ ነው። ዘመድ ሰርጉን፣ ልደቱን፣ አንዳንዴም ወንበር ላይ ተቀምጦ ለእናቱ የሚናገረውን ቀርጾ ይልክ ነበር። ከእስራኤል የመጣው እዚህ ደህና ይታያል፤ እኛም እነሱም ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ምስል አሠራር ነው የምንጠቀመው። ከአሜሪካ የመጣው ግን ኤንቲኤስሲ በሚባል ሌላ አሠራር ነው። የእኛ ምስል 625 መስመርና በሰከንድ 25 ፍሬም ሲሆን የእነሱ 525 መስመርና 30 ገደማ ፍሬም ነው። ስለዚህ እዚህ ዴክ ላይ ምስሉ ይዘላል፤ ወይም ቀለሙ ጠፍቶ ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ብዙ ቤተሰብ «ተበላሽቷል» ብሎ አስቀምጦታል። አልተበላሸም! ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ ይፈልጋል፣ ያ ብቻ ነው። ጸሐፊውን ሰምቶ እንዲህ ያለውን ካሴት የጣለ ሰው ካለ ለእናቱ የተላከውን መልእክት ነው የጣለው።

የሰርግ ዲቪዲ ደግሞ ሌላ ነው። ሰው ዲስክ ሁሉ አንድ ይመስለዋል። ፋብሪካ የታተመው ፊልም መረጃው ፕላስቲኩ ላይ ተቀርጾ ነው፤ በጥሩ ሁኔታ ከተያዘ ብዙ ይቆያል። እኛ ስቱዲዮዎች በኮምፒዩተር የምናቃጥለው ዲስክ ግን መረጃው የሚጻፈው በቀለም ንጣፍ ላይ ነው። ብርሃንና ሙቀት ያ ቀለም እንዲደበዝዝ ያደርጉታል። ቴሌቪዥን ጀርባ፣ መስኮት አጠገብ የተቀመጠ የሰርግ ዲቪዲ በጥቂት ዓመት ውስጥ ላይነበብ ይችላል። የሙሽሮቹ ፎቶ ያለበት ተለጣፊ ወረቀት ዲስኩ ላይ ከሆነ ባሰ፤ ሙጫው ዲስኩን ይጎዳዋል፣ ሲሽከረከርም ሚዛኑን ያዛባል። በ2000ዎቹ የተጋባችሁ ሰዎች ካሴት ካላቸው ወላጆቻችሁ ይልቅ የምትቸኩሉት እናንተ ናችሁ።

«ዩቲዩብ ላይ ጫኑት» የሚለውስ? እንደ ተጨማሪ ኮፒ ጥሩ ነው፤ ዘመድ በያለበት ያየዋል። ብቸኛ ኮፒ ሊሆን ግን አይገባም። አንደኛ፣ ሰርግ ላይ ዘፈን አለ። የዘፈኑ ባለመብት ካመለከተ ዩቲዩብ ድምፁን ሊዘጋው፣ ቪዲዮውንም ሊያግደው ይችላል። ሁለተኛ፣ ሲጫን ይጨመቃል፤ መልሰህ ስታወርደው የሰጠኸውን አታገኝም። ሦስተኛ፣ ፓስወርድ የጠፋበት ሰው ቪዲዮውን ለማስተካከልም ለማንሳትም አይችልም። ጉግል ላይ በነጻ ማስቀመጥም ቢሆን እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ከ15 ጊጋባይት አያልፍም። በዲቪዲ ጥራት የተገለበጠ የሦስት ሰዓት ሰርግ ከ6 ጊጋባይት በላይ ነው። ሁለት ካሴት ስትጭን ቦታው ሊሞላ ነው። ኢሜይሉም ፎቶውም ያለው እዚያው ላይ ነውና።

ፍላሽ ብቻውንም አይታመንም። ሥራዬ ፍላሽ መሙላት ቢሆንም ይህን ለደንበኛ ሁሉ እናገራለሁ። ፍላሽ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ዓመታት ከተቀመጠ የያዘውን ሊለቅ ይችላል። ሃርድ ዲስክም ይወድቃል፣ ይሰበራል። ስለዚህ ሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ ቢቻል አንዱ ሌላ ቤት፣ እህት ወይም ወንድም ጋ። በየዓመቱ አንድ ጊዜ ሰክታችሁ እዩት። ዋናውን ካሴት ከገለበጣችሁ በኋላም አትጣሉት። ነገ የተሻለ መገልበጫ ቢመጣ እንደገና የሚነበበው ከዋናው ነው። ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ፣ በማቀፊያው፣ እንደ መጽሐፍ አቁማችሁ አስቀምጡት። ስፒከር አጠገብ አታድርጉት፤ ውስጡ ማግኔት አለ።

ዴክ ማምረት እንደቀረ ከላይ ተናግሬያለሁ። ከተማችን ውስጥ ገና የሚሠሩት ዴኮች ጥቂት ናቸው፤ የሚጠግኗቸውም ባለሙያዎች እያረጁ ነው። ሄዱ፣ ማለትም ካሴቱን የሚያነበው ክፍል፣ ሲያልቅ የሚገዛ አዲስ ዕቃ የለም፤ ከሌላ ከሞተ ዴክ ነው የሚነቀለው። ጸሐፊው ይህን ቢያነሱ ኖሮ ለአንባቢያቸው የሚሰጡት ምክር ይለወጥ ነበር ብዬ አምናለሁ። ካሴት ያለው ሰው የሚገለብጥለት ቤት ሳይዘጋ ይቅደም፤ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው።